ከሰል፣ ዉድሴራሚክ፣ አክቲቬትድ ካርቦን፦ የቱን ልግዛ?

ሦስቱም ጥቁር ናቸው፤ ሦስቱም ከእንጨት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሦስቱም በቀዳዳ የተሞሉ ናቸው። ግን አንዱን በሌላው ቦታ ከገዛችሁት ብራችሁን ውሃ በላው።

ከሰልን ታውቁታላችሁ። ቀዳዳዎቹ ዛፉ በሕይወት እያለ ውሃ ያመላልስባቸው የነበሩ ቧንቧዎች ናቸው። እንጨት ሲከስል በቁመቱ ትንሽ፣ በወርዱ ብዙ ይኮማተራል። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ እጅ ላይም ይፈረፈራል። ለጀበና ምን ይወጣለታል? ዕቃ ልሥራበት ካላችሁ ግን አይሆንም።

ዉድሴራሚክ የመጣው ለዚሁ ችግር ነው። ሥራው በ1990 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጃፓን፣ አኦሞሪ ውስጥ ተጀመረ። እንጨቱን ፌኖል ሬዚን (ሲሞቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ያጠጡትና አየር በሌለበት ምድጃ ያከስሉታል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቁም ሣጥን የምናሠራበት ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ ነው። ቃጫው በየአቅጣጫው ስለተበተነ በቁመትም በወርድም እኩል ይኮማተራል፤ አይሰነጠቅም። ሬዚኑ ደግሞ ወደ መስታወት መሰል ጠንካራ ካርቦን ይለወጥና ቃጫውን ደግፎ ይይዘዋል። ውጤቱ ቀላል፣ የማይዝግ፣ ቅርፁን የጠበቀ ነገር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። በስንት ዲግሪ ነው የከሰለው? ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሙቀቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ማስተላለፉም ይደክማል። ሬዚኑስ ምን ያህል ነው? ሲበዛ ይጠነክራል፣ ይከብዳል። ለቤተ ሙከራና ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከሆነ ምርጫዬ ይኸው ነው። ለውሃ ማጣሪያ ግን አልገዛውም።

ለማጣሪያ አክቲቬትድ ካርቦን ግዙ። ይህ ከሰል በእንፋሎት ወይም በአሲድ እንደገና ስለተቦረቦረ የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ሲዘረጋ ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሰባት ግራም፣ አንድ የኳስ ሜዳ! ደረቁን ውሃ ውስጥ ጣል ስታደርጉት አየሩ እየወጣ ቲሽ ይላል፣ አረፋም ይሠራል። ከእንጨት የተሠራው ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ቀለም ለማንሳት ይመቻል፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ዱቄት ይለቃል። የክሎሪን ሽታ ላስመረረው ቤት ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራው አክቲቬትድ ካርቦን ይሻላል።

ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሆናችሁና ችግራችሁ በውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዘው) ከሆነ ግን ከሦስቱም አንዱን አትግዙ። እዚያ የሚሠራው የከሰለ የከብት አጥንት ነው።