የአፕልን ቴሌቪዥን ስጠብቅ የገዛኋት ሳጥን

ቴሌቪዥን ለመግዛት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቴም ትቼዋለሁ። መጀመሪያ በ2012፣ ቀጥሎ በ2013። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሁለቴም ያስቀረኝ አንድ ወሬ ነው፤ «አፕል ራሱ ቴሌቪዥን ሊያወጣ ነው» የሚለው። አሮጌው ቲቪዬ ጥግ ጥጉ ጠቁሮ፣ የሰው ፊት ሰማያዊ እያደረገ፣ እኔ «ትንሽ ልታገስ» እል ነበር።

ያ ቴሌቪዥን አልመጣም። ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ያለችው አፕል ቲቪ ፎርኬ የምትባለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ናት፤ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክታ ከኢንተርኔት ፊልምና አፕ የምታመጣ፣ በ2022 የወጣችው። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ግን ከወሬው መጀመር አለብኝ። ብዙ ሰው እስካሁን «አፕል ቲቪ» ሲባል ስክሪን ይመስለዋል፤ ወሬውም በየጊዜው ይነሳል።

ወሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ ኦክቶበር 2011 ላይ ሲያርፍ፣ በዚያው ወር የሕይወት ታሪኩ ታተመ። እዚያ ውስጥ ለአጠቃቀም እጅግ ቀላል የሆነ ቴሌቪዥን መሥራት ይፈልግ እንደነበረና መላውን እንዳገኘው መናገሩ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ያቁመው? ዲሴምበር 2012 ላይ ደግሞ በጆብስ ቦታ የተተካው ቲም ኩክ ለአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንቢሲ ቃለ ምልልስ ሰጠ። ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥን ሲከፍት ሃያ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ያህል እንደሚሰማው ተናገረ። ይቺ አንዲት ንግግር ለተንታኞች የዓመት ስንቅ ሆነች። ጂን ሙንስተር የተባለው፣ ፓይፐር ጃፍሬይ የሚባል የኢንቨስትመንት ባንክ ተንታኝ «ይመጣል፣ ይመጣል» እያለ ዓመታት ቆየ። እኔም አምኜው ጠበቅኩ።

ሜይ 2015 ላይ ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ነገሩን ቆረጠው። አፕል ዕቅዱን ከተወው ከዓመት በላይ ሆኖታል አለ። አሥር ዓመት ገደማ ሲጠና የቆየ ነገር ነው። በቪዲዮ ለመነጋገር ካሜራ የተገጠመለት ቴሌቪዥን ሁሉ ታስቦ ነበር። ግን በዚያ ገበያ ውስጥ ገብቶ ከነባሮቹ ጋር ለመግጠም የሚያበቃ አዲስ ነገር አልተገኘም። ዜናውን ያነበብኩ ቀን ከልቤ አዘንኩ። ዛሬ ግን ትክክል አድርገዋል ባይ ነኝ።

ይህን ያስተማረኝ ያኔውኑ የገዛሁት ስማርት ቲቪ፣ ማለትም ኢንተርኔትና አፕ ውስጡ ያለው ቴሌቪዥን ነው። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠራም። ስክሪኑ እስከ ዛሬ ግሩም ነው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ። ሶፍትዌሩ ግን በአራት ዓመቱ አረጀ። መጀመሪያ አፕዴት ቀረ። ቀጥሎ አንዱ የቪዲዮ አፕ «ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ አይደገፍም» አለኝ። ከዚያ ሌላው። ሪሞቱን ተጭኜ ሜኑው እስኪመጣ ድረስ ውሃ ቀድቼ መመለስ እችል ነበር። ምኑም ያልተነካ ስክሪን፣ ጭንቅላቱ ስለደከመ ብቻ ሊጣል ሆነ።

አንድ ቴሌቪዥን ሰው ቤት ሰባት ስምንት ዓመት ይቀመጣል። ውስጡ ያለው ቺፕ ግን በሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ መሸጥ አንዱ ሲሞት ሌላውን አብሮ መቅበር ነው። አፕል ራሱ ይህን ቀድሞ ቀምሶታል። በ1993 ማኪንቶሽ ቲቪ የሚባል ጥቁር ኮምፒውተር አውጥቶ ነበር፤ 14 ኢንች ስክሪን ያለው፣ ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም የሆነ። ግን ሥራ እየሠሩ ጥግ ላይ በትንሽ መስኮት ቻናል ማየት አይቻልም፤ ወይ ይሄኛው ወይ ያኛው ነው። 10,000 ገደማ ተሠርቶ በወራት ውስጥ ቆመ።

አሁን ወደ ሳጥኗ። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ፋን የላትም፤ ሌሊት ፊልሙ ዝም ሲል እሷም ዝም ናት። ውስጧ ያለው ኤ15 የሚባለው፣ አይፎን 13 ላይ የነበረው ቺፕ ነው። አፕ ሲነካ ይከፈታል። ወደ ኋላ ሲሉ ይመለሳል። ይህን እንደ ትልቅ ነገር የምጽፈው ለዓመታት የሜኑ እስረኛ ለነበረ ሰው ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው።

ዕድሜዋን በተመለከተም ልቤን የሚያሳርፍ ነገር አለ። በ2015 የወጣችው ታላቅ እህቷ በ2024 የወጣውን አዲስ ሶፍትዌር ተቀብላለች። ዘጠኝ ዓመት! የእኔ ቲቪ አራቱን መች ሞላ።

የወደድኩት ግን ሪሞቱን ነው። እናቴን ላምጣላችሁ። የቲቪው ሪሞት ላይ 46 ቁልፍ ቆጥሬያለሁ። እማዬ አንድ ቀን በስህተት የምስል ምንጭ መቀየሪያውን ተጭናው ስክሪኑ ጨለመ። «አበላሸሁት» ብላ ሁለት ቀን ሳትነካው ቆየች፤ እኔም ሥራ ላይ ሆኜ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ መነካት የሌለባቸው ቁልፎች ላይ ነጭ ፕላስተር እየቆረጥኩ ለጠፍኩ። ፕላስተሩ በሳምንቱ ጠርዙ ይነሳና አቧራ ይይዛል። እንደገና እለጥፋለሁ። አንድ ቴሌቪዥን ለማየት እናቴ ይህን ሁሉ መፍራት አልነበረባትም።

የሳጥኗ ሪሞት አልሙኒየም ነው፤ ቀዝቀዝ፣ ከበድ ይላል። ላዩ ላይ አንድ ክብ አለ፣ ከሥሩ ጥቂት ቁልፎች፣ አለቀ። ክቡን በአውራ ጣት ዙሪያውን ሲያዞሩት ፊልሙ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሳጥኗ ከነቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ድምፁም በዚያው ይስተካከላል። እማዬ የመጀመሪያው ቀን ይዛው ገለባበጠችው።

«ሌላው የታል?»

«ሌላ የለም እማዬ። ይኸው ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥርም የለውም።»

ዝም ብላ ክቡን ተጫነች። ተከፈተ። አሁን ያ ፕላስተር የበዛበት ሪሞት መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይህ ሪሞት በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። በ2015 የወጣው ከላይ መስታወት ነበር፤ ላዩና ታቹ ስለሚመሳሰል በጨለማ የቱ የቱ እንደሆነ በእጅ መለየት ያስቸግራል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። በ2021 ቀየሩት። ጥሩ አደረጉ።

ሌላ አንድ ነገር ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ። ሴቲንግ ውስጥ የቀለም ማስተካከያ አለ። የፊት መለያ ያለው አይፎን ካለ፣ ስልኩን ገልብጦ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በሚታየው ክፈፍ ውስጥ ጠጋ አድርጎ መያዝ ነው። ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ይቀያየራል። ስልኩ ይለካዋል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የፊተኛውንና የተስተካከለውን ያሳያል። የእኔ ስክሪን ሰማያዊ ያበዛ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። የተዋናዩ ጉንጭ ሞቅ አለ። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና «አሁን ሰው መሰለ» አለች። ቴሌቪዥኑን ሳልነካ፣ ሳጥኗ የምትልከውን ምስል ብቻ አስተካክላ ነው ይህን ያደረገችው።

አሁን እንከኗን። ዋጋዋ ውድ ነው። አፕል ሲያወጣት 129 ዶላር ብሎ ጀመረ፤ የኢንተርኔት ኬብል መሰኪያ ያላት ደግሞ 149። ጉግል በ2013 ያወጣው ክሮምካስት የሚባል ቲቪ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ 35 ዶላር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ይከብዳል። ሳጥኗን ከቲቪው የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ ኬብልም ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። ከላይ ያወራሁት የቀለም ልክ ያለ አይፎን አይሠራም። በድምፅ የምትታዘዘው የአፕል ረዳት ሲሪ ደግሞ አማርኛ አታውቅም፤ እማዬ ሪሞቱ ጎን ላይ ያለው የማይክ ቁልፍ ምንም አይሠራላትም። ይሄ ያሳዝነኛል። ቁልፍ መጫን ለሚከብደው ሰው በገዛ ቋንቋው መናገር ከምንም በላይ ያግዘው ነበር።

እንግዲህ ወደ ወሬው ልመለስ። አፕል ከተወው በኋላ ሌሎቹ ገብተዋል። አማዞን በ2021 የራሱን ቴሌቪዥን አወጣ። እንዲህ ያሉ ሳጥኖች የሚሸጠው ሮኩም በ2023 ተከተለ። ለምን ገቡ? ስክሪን ሸጦ ብዙ ትርፍ ስለሚገኝ አይመስለኝም፤ በዚያ ገበያ ፉክክሩ ዋጋን ታች አውርዶታል። ገንዘቡ ያለው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ከማስታወቂያና ከተመልካቹ ዳታ። በ2017 ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ለዚህ ነው፤ ሰዎች ምን እንደሚያዩ 11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ በቂ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሲሰበስብ ነበር ተብሎ ተከሶ። የእኔም ቲቪ አንድ ሌሊት አፕዴት አደረገና በማግስቱ መነሻ ገጹ ላይ ትልቅ የመኪና ማስታወቂያ ተገትሮ አገኘሁት። በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ስክሪን ላይ! በጣም ነው የተናደድኩት።

ጆብስ በ2010 አንድ መድረክ ላይ ቀርቦ የቴሌቪዥን ችግሩ ምን እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ቻናል በኬብል የሚሸጡት ኩባንያዎች ሳጥናቸውን በነፃ ወይም በትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ለሁሉም ያድላሉ፤ ስለዚህ ሌላ ሳጥን በገንዘቡ የሚገዛ የለም፤ ገዢ ከሌለ ፈጠራም የለም አለ። ያ ነገር ዛሬ መልኩን ቀይሮ ያለ ይመስለኛል። አሁን የሚረክሰው ስክሪኑ ራሱ ነው። ቀሪውን ሒሳብ የምንከፍለው ሶፋችን ላይ ተቀምጠን በምናየው ነው። በመሆኑም ነገ «አፕል ቴሌቪዥን ሊያወጣ ነው» የሚል ዜና ብሰማ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስክሪኑ ስንት ኢንች ነው አይሆንም። ጭንቅላቱ ሲያረጅ ለብቻው ይቀየራል ወይ? ኢንተርኔት ሳላገናኘው ይሠራል ወይ? መነሻ ገጹ ላይ የሚታየውን የምወስነው እኔ ነኝ ወይ? እነዚህን ነው የምጠይቀው።

ካሁን በኋላ አልጠብቅም። ለሚጠይቁኝ ጓደኞቼ ሁሉ የምለው አንድ ነው። አቅማችሁ የፈቀደውን ጥሩ ስክሪን ግዙ፤ ስማርትነቱን አትዩ። ሳጥኗን ለብቻ ጨምሩበት። ኬብሉን ከሰካችሁ በኋላ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ዋይፋዩን አጥፉት። እኔ ያን ካደረግኩ ወዲህ የመኪናው ማስታወቂያ አልተመለሰም።