ለአይረንማን የቱ ያዋጣል፦ ክሮስፊት ወይስ ረጅም ኪሎ ሜትር?

አይረንማን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ለዚህ ሁሉ መቼ ይዘጋጃል? ክሮስፊት የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ብረት ማንሳት፣ መዝለል፣ ያለ ዕረፍት፣ ትንፋሽ ቁርጥ እስኪል። ረጅሙ ሩጫ ይቀነሳል። ጊዜ ይቆጥባል፣ አይሰለችም፣ ጉልበትም ይጨምራል።

ጣጣው በማግስቱ ነው። ጭን ተሳስሮ ብስክሌት ላይ ሲወጡ የታሰበው ፍጥነት አይገኝም። ደግሞ ደክሞት ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ባርቤል የሚያነሳ ሰው ወገቡን ያጎብጣል። ጉዳት የሚመጣው ያኔ ነው።

ሌላው መንገድ፣ ረጅም ኪሎ ሜትር መሥራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሰልቺ ነው። አብዛኛው ሰዓት እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት ያልፋል። ስብን እያቃጠሉ ለሰዓታት የመዝለቅ አቅም የሚገነባው ግን በዚህ ነው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ) ወርቅ ያጠለቀው ኖርዌያዊው ክርስቲያን ብሉመንፌልትም የሚታወቀው በብዙ ሰዓት ልምምድ ነው። ብረቱም አይቀርም፦ በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ) እና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ከ4 እስከ 6 ድግግሞሽ፣ በየመሃሉ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት። ክብደቱ ከበድ ይላል፣ ጥድፊያ ግን የለም። ሯጭ በያዘው ፍጥነት ጉልበት እንዲቆጥብ የሚረዳው እንዲህ ያለው ነው።

እኔ ለአይረንማን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሩጫው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሆነው ለስፕሪንት ትራያትሎን፣ ውድድር በሌለበት ወራት ክሮስፊቱም ክፉ አይደለም። ቀኑ ሲቃረብ ግን ይቅርብዎት።