ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? ድንበር ለሚሻገር ካምፐርቫን የቱ ይሻላል

ካምፐርቫን፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለው ቫን፣ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ነው። ተጋድሞ ይሞክረዋል፣ ቁም ሳጥኑን ይከፍታል፣ መስኮቱን ያያል። በምን አበስላለሁ፣ ፍሪጁ በምን ይሠራል፣ ሌሊት በምን እሞቃለሁ የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያኔም ሻጩ "ሁሉም በጋዝ ነው፣ አታስቡ" ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። አገር ውስጥ ሁለት ሳምንት ዞሮ ለሚመለስ እውነትም የሚያሳስብ ነገር የለውም። ሦስት አራት ድንበር ተሻግሮ ወራት መንገድ ላይ ለሚከርም ሰው ግን ከሞተሩ ቀጥሎ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው። ያለቀብኝን ነገር በማላውቀው አገር የት እሞላዋለሁ?

ንጽጽሩን በሙሉ የምሠራው በዚህ ጥያቄ ነው። ዋጋው፣ ማማሩ፣ ብራንዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጉልበቱ የጋዝ ነው፣ መሙላቱ የኤሌክትሪክ

በጉልበት ብቻ ቢሆን ውድድሩ ሳይጀመር ያልቃል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን (በሲሊንደር ከሚሸጡት ጋዞች አንዱ፣ ሌላው ቡቴን ነው) ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይዟል። 11 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ሲሞላ 140 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። 100 አምፔር ሰዓት (ባትሪ ምን ያህል እንደሚይዝ መለኪያ ነው) የሆነ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሲሊንደር ከመቶ ባትሪ በላይ! ግማሹ ሙቀት በድስቱ ጎን አምልጦ ቢጠፋ እንኳ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ባትሪው ግን ፀሐይ ባለበት፣ ሞተር በሚዞርበት፣ ሶኬት ባለበት ሁሉ ይሞላል። ሲሊንደር እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው የሚሠራው በልውውጥ ነው፤ ባዶውን ትሰጣላችሁ፣ ሙሉውን ትወስዳላችሁ። ብረቱ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ የጎረቤት አገር ሱቅ አይቀበለውም። ጫፉም ይለያያል።

እኛ ሁለተኛውን ድንበር ባለፍን ማግስት ጋዛችን አለቀ። መንገድ ዳር አንድ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሙሉ ሲሊንደር አውጥቶ የኛን ሬጉሌተር፣ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ክፍል፣ ጫፉ ላይ ገጠመው። ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። አወጣው፣ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰው፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አሳየን፤ የኛ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው፣ የሱ ወደ ቀኝ። በቋንቋ አንግባባም ነበር፣ ግን ማስረዳትም አላስፈለገውም። ጋዝ በግድ የሚገጠም ነገር አይደለም። ለአራት ቀን ትኩስ ነገር አፋችን አልገባም።

ስለዚህ ጋዝ የምትመርጡ ከሆነ የሚለዋወጥ ሲሊንደር ሳይሆን የራሳችሁ የሆነ፣ ተመላልሶ የሚሞላ ታንክ አስገጥሙ። በ80 በመቶ ላይ ራሱ መሙላት የሚያቆም ቫልቭ ያለው መሆን አለበት፤ ጋዙ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህን ታንክ በጋዝ የሚሄዱ መኪኖች የሚሞሉበት ማደያ ላይ ትሞሉታላችሁ። ጣሊያን፣ ፖላንድ፣ ቱርክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማደያ እንደ ልብ ነው፤ ወደ ስካንዲኔቪያ ስትወጡ ግን እየሳሳ ይሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ብቻ የመሙያው ጫፍ አራት ዓይነት ነው፤ አክሜ፣ ዲሽ፣ ባዮኔት እና ዩሮኖዝል። ማገናኛዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ አራቱንም በአንድ ከረጢት ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቫኑን ሰው ከሰጣችሁ ወይም ያገለገለ ከገዛችሁ ምድጃው ላይ የተለጠፈውን የግፊት ቁጥር እዩ። አውሮፓ ውስጥ አዳዲሶቹ በ30 ሚሊባር ይሠራሉ፣ ጀርመን የተሠሩ የቆዩ ቫኖች ግን ብዙዎቹ 50 ናቸው። ሬጉሌተሩና ምድጃው ካልተስማሙ ነበልባሉ ወይ ይዘላል ወይ ይሞታል።

ባሕር ለሚሻገሩ ደግሞ ጋዝ ሌላ ጣጣ አለው። ቫናችሁን ለጭነት መርከብ ስትሰጡ ታንኩን ባዶ እንድታደርጉ ትጠየቃላችሁ። ከፓናማ ወደ ኮሎምቢያ ለምሳሌ በመኪና መሄድ አይቻልም፣ በሁለቱ አገሮች ድንበር ባለው የዳሪየን ጫካ ላይ 100 ኪሎሜትር ያህል መንገድ የለም፣ መኪናው በመርከብ ነው የሚያልፈው። ባትሪ ያለው ሰው እዚያ ማዶ ወርዶ ያበስላል፤ ጋዝ ያለው መጀመሪያ የሚሞላበትን ይፈልጋል።

ምድጃው

ኢንዳክሽን፣ ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሲታይ ያጓጓል። ጋዝ አያፈስም፣ ቫኑ ውስጥ እርጥበት አይለቅም፣ ለማጽዳት አንድ ጨርቅ ይበቃል። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ለመፍላት 0.093 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ዕቃ) እና በድስቱ የሚባክነውን ስትጨምሩበት 0.12 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ከባትሪያችሁ 10 አምፔር ሰዓት ያህል። ለሻይ ብቻ! ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ቀለል ያለ ምግብ ቢያበስል 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ ባትሪ ላይ ከግማሽ በላይ ይሄዳል።

ሌላው የሚዘነጋው ገመዱ ነው። 2000 ዋት ምድጃ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ወደ 170 አምፔር ይስባል። እንደ ጣት የወፈረ ገመድ፣ ለሱ የሚመጥን ፊውዝ፣ ደህና ኢንቨርተር ይፈልጋል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ይግላል፣ የሚያልፈው ደግሞ በቫኑ እንጨት ውስጥ ስለሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በሲጋራ መለኮሻ ሶኬት የሚሰካ ትንሽ ኢንቨርተር ለስልክና ለላፕቶፕ ነው፣ ምድጃ አይችልም።

በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ኢንዳክሽን ያዋጣል። ከአልተርኔተሩ (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) 30 አምፔር የሚያስገባ ቻርጀር ካላችሁ ሁለት ሰዓት መንዳት 60 አምፔር ሰዓት ይሰጣችኋል፣ ያ የዕለት ምግባችሁ ነው። አንድ ቦታ ሳምንት ቆሞ ባሕር ማየት ለሚወድ ሰው ግን ሁሉም በሶላር ላይ ይወድቃል። 200 ዋት ፓነል በበጋ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በክረምት፣ ወደ ሰሜን ርቃችሁ፣ ደመና ከሆነ ግን ከዚያ ሩቡን ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ።

የኔ ምርጫ? በኢንዳክሽን አበስላለሁ፣ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ባለ አንድ አፍ የጋዝ ምድጃ ከነጋዝ ጣሳዋ አስቀምጣለሁ። ደመናው ሦስት ቀን ሲከርም ያቺ ታወጣናለች።

ፍሪጁ

እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ቫን ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍሪጅ ታገኛላችሁ። አንዱ በጋዝ፣ በ12 ቮልትና በቤት መብራት የሚሠራው፣ በተለምዶ ባለ ሦስት መንገድ የሚባለው ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ1922 ስቶክሆልም ውስጥ ፎን ፕላተን እና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የፈጠሩት ነው። አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን በሙቀት ኃይል ውስጥ ለውስጥ ይዞራሉ፣ የሚንቀሳቀስ አንድም ክፍል የለውም። ስለዚህ ድምፅ የለውም። አጠገቡ ብትተኙ አትሰሙትም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድክመቱ ግን መንገድ ላይ ይገለጣል። ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ቫኑ ዘምበል ብሎ ከቆመ ማቀዝቀዙን ያቆማል። የውጪው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ ይደክማል። ከፍ ባለ ተራራ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የጋዙ እሳት አልነሣ ይላል። በ12 ቮልት ደግሞ ከ10 አምፔር በላይ ያለማቋረጥ ስለሚስብ ሞተር ሲጠፋ ባትሪያችሁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል።

ኮምፕረሰር ያለው ፍሪጅ የቤታችሁ ፍሪጅ ታናሽ ወንድም ነው። ሲሠራ 50 ዋት ገደማ ይበላል፣ ሲቀዘቅዝ ያርፋል፣ በሞቃት ቀን ከ30 እስከ 50 አምፔር ሰዓት ይፈጃል። ቢዘም፣ ቢሞቅ፣ ተራራ ቢወጣ ግድ የለውም። ሌሊት እየተነሣ ዝዝዝ ይላል፣ እውነት ነው፤ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ትለምዱታላችሁ። ወደ ሙቅ አገር ወይም ወደ ከፍታ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ አትዩ፣ ኮምፕረሰር ግዙ። የጋዙን የምመክረው ድምፅ ለማይችልና ለስላሳ አየር ባለበት አንድ ቦታ ላይ ብዙ ለሚቆይ ሰው ብቻ ነው።

ማሞቂያ ላይ ሦስተኛ ተወዳዳሪ አለ

ኤሌክትሪክ እዚህ ላይ ይውጣ። ሌሊቱን በባትሪ መሞቅ አይታሰብም። ውድድሩ በጋዝና በናፍጣ መካከል ነው።

በጋዝ ስትሞቁ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እወቁ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት መቀየር ያቆማል። ሲሊንደሩን ስታነሡት ይከብዳል፣ ውስጡ ፈሳሹ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል፣ ምድጃው ግን አይነድም። ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። በሙቅ አገር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቡቴን ስለሆነ ከደቡብ ሞልታችሁ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ተራራ ስትወጡ አስቡበት።

የናፍጣ ማሞቂያ ከመኪናው ታንክ ይቀዳል። ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው፤ ናፍጣ የሌለበት አገር የለም፣ ጫፍም ሬጉሌተርም አያስፈልገውም። 2 ኪሎዋት የሚሆነው በሰዓት ከሩብ ሊትር ብዙም አይዘልም። ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ 8 ወይም 10 አምፔር ይስባል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከ1500 ሜትር በላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ጥላሸት ይይዛል፤ የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች የመሰለ ቦታ ለመሄድ ያሰበ ከፍታን የሚያስተካክል መሣሪያ ያለውን ይግዛ። ለረጅም መንገድ የኔ ድምፅ ለናፍጣው ነው፣ ብዙም ሳላመነታ።

የትኛውንም ብትመርጡ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ አላርም ይኑራችሁ። ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ነው የሚገድላችሁ። የማብሰያ ጋዝ ካለ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ የሚወጣበትን ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ ምንጣፍ እንዳይሸፍነው።

ባትሪና ሶኬት

ባትሪ ላይ ብዙ አላወራም። 100 አምፔር ሰዓት ኤጂኤም፣ የእርሳስ ባትሪ ዓይነት፣ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ በደህና የምትጠቀሙት ግማሹን ነው። ሊቲየሙ 12 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሁሉንም ማለት ይቻላል ትጠቀሙበታላችሁ። በብዙ አገር ተራ መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት 3500 ኪሎ ስለሆነ ያ ልዩነት ውኃ ነው፣ ምግብ ነው። ሊቲየም ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ከቫኑ ውጪ ሳይሆን ሙቀት ባለበት ውስጥ አስቀምጡት።

ሶኬቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። አውሮፓ 230 ቮልት ነው፣ ሰሜን አሜሪካ 120። የምትገዙት ቻርጀር ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ከሌለው ባሕር ማዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። 230 ቮልት ባለበትም ቢሆን አንዳንድ የካምፕ ቦታ የሚሰጣችሁ 6 አምፔር ብቻ ነው፣ ይህ 1380 ዋት ማለት ነው። ኢንዳክሽኑን በሙሉ ኃይል ስትከፍቱ ከሶኬቱ የሚመጣው መብራት ይቋረጣል። ኃይሉ የሚቀነስ ምድጃ ምረጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሻጩን አንድ የሳምንት መጨረሻ ለምኑት ወይም ተመሳሳይ ቫን ተከራዩ። ዓርብ ማታ ባትሪውን ሞልታችሁ ሶኬት ንቀሉ፣ እንደ መንገዱ አብስሉ፣ ፍሪጁን ሙሉ አድርጉት፣ ማሞቂያውን አብሩ። በየጠዋቱ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረው በወረቀት ጻፉ። እሑድ ጠዋት ከ40 በታች ከሆነ ወይ ባትሪው ይጨመር፣ ወይ ምድጃው ይቀየር።