የሙላቱ ፊርማ ተብሎ የተሸጠልኝ ሸክላ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ሆኜ፣ በቴሌግራም ከሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ የሙዚቃ ሸክላ መደብር የኢትዮ ጃዝ ሙዚቀኛውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም፣ የራሱ ፊርማ አለበት ተብዬ በ14,000 ብር ገዛሁ። ያው ሸክላ ያለ ፊርማ እዚያው 6,000 ብር ነው። 8,000 ብር የከፈልሁት እንግዲህ ሽፋኑ ላይ ላለው ጥቁር ቀለም ነው።

ሸክላው በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰኝ፤ በወፍራም ካርቶን ስለታሸገ ማዕዘኑ እንኳ አልታጠፈም። ድምፁም ንጹሕ ነው፤ ሙላቱ በመምቻ እየመታ የሚጫወተው የብረት መሣሪያ፣ ቪብራፎኑ፣ ቤቱን ይሞላዋል። በዚህ ቅር አላለኝም።

ፊርማው ግን የሙላቱ እጅ ነው ብዬ አልቀበልም። ከሥሩ «1966 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። አልበሙ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ስለሆነ ዘመኑ የሚያስኬድ መስሎኝ ነበር፤ በፎቶግራፍ ያሳዩኝም የፊቱን ገጽ ብቻ ነው። እጄ ገብቶ ስገለብጠው ስትራት የተባለው የለንደን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ዳግም ያወጣው ቅጂ ሆኖ አገኘሁት። ገና ባልታተመ ሽፋን ላይ ከአርባ ዓመት በፊት ማን ይፈርማል?

ከዚያ ወዲያ ቀለሙን በአጉሊ መነጽር አየሁት። አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ የተማረ ቁም ጸሐፊ፣ መጽሐፍ በእጁ የሚጽፍ ባለሙያ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ብርዕ እየቀረጽሁለት አጠገቡ እውል ነበር። የጀማሪ ተማሪ ጽሑፍ ሲቀርብለት፣ ልጁ ናሙናውን ለማየት ቀና ያለበትን ቦታ በጣቱ ይጠቁም ነበር፤ ብርዑ እዚያ ስለሚቆም ቀለሙ ይጠራቀማል። ሰው የገዛ ስሙን ሲፈርም እጁ በሩጫ ስለሚያልፍ መነሻውና መድረሻው ይሳሳል። በዚህ ፊርማ ላይ ቀለሙ አራት ቦታ ተጠራቅሟል፤ ጫፎቹም ሁሉ ድፍን ናቸው። በጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወይም በሕዝብ መካከል ተገፍቶ የፈረመ ሰውም እጁ ሊደናቀፍ ስለሚችል በዚህ ብቻ አልፈረድሁም። መደብሩ የለጠፋቸውን የሌሎች ሁለት ሸክላዎች ፊርማ በስልኬ ከእኔው ጋር ደራረብሁት። ሦስቱም መታጠፊያቸው ሳይቀር ገጠመ። የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ እንዲህ በልክ አይገጥምም፤ ከአንድ ናሙና የተገለበጠ ግን ይገጥማል።

«ትክክለኛ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል ወረቀትም አብሮ መጥቷል። ማኅተሙ የመደብሩ የራሱ ነው፤ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደተፈረመ አንድም ቃል አልሰፈረበትም። ሲፈረም የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ቢኖር ከዚህ ወረቀት ይልቅ አምነው ነበር። ለመግዛት የምታስቡ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ፎቶ አስነሡና የኅትመቱን ዓመት አንብቡ፤ የሻጩንም ሌሎች ፊርማዎች ጎን ለጎን እዩ።

ሸክላውን አስቀርቼ 8,000 ብሩን ብቻ እንዲመልሱልኝ ጠየቅሁ። መጀመሪያ 3,000 ብር እንመልስ አሉኝ። የተደራረቡትን ፎቶግራፎች ስልክላቸው መልስ መስጠት አቆሙ። ሁለቱ ሸክላዎች ዛሬ ጠዋትም ለሽያጭ እንደተለጠፉ ናቸው።