በዶክትሬት ተማሪ መታከም ያዋጣል? የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ክሊኒኮች ግምገማ

የግል ሳይኮሎጂስት ክፍያ ለከበደው፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ኢንሹራንሱ ለሥነ ልቦና ሕክምና እምብዛም ለማይከፍልለት ሰው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው አማራጭ አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ክሊኒክ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂን በዶክትሬት ደረጃ የሚያስተምሩ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ሰው ክፍት የሆነ ክሊኒክ አላቸው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ እንኳ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን እና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው። የሚያክሙት የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው፤ ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት (ሱፐርቫይዘር) ደግሞ ይቆጣጠራቸዋል። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በገቢ ልክ የሚወሰን በመሆኑ ከግል ሕክምና በእጅጉ ይቀንሳል።

«ተማሪ ሊለማመድብኝ ነው?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ቁጥጥሩ ላይ ነው። ታካሚው በጽሑፍ ሲፈቅድ ክፍለ ጊዜው በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ቀረጻ ያልፈቀደ ሰው የማይቀበሉ ክሊኒኮችም አሉ። ተማሪው በየሳምንቱ ቀረጻውን ይዞ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ይቀመጣል። ታካሚዋ «ደህና ነኝ፣ ራሴን ብቻ ነው የሚያመኝ» ብላ ካለፈች ሱፐርቫይዘሩ ቪዲዮውን እዚያው ላይ ያቆመውና «የሚነሳባት መቼ ነው? እንቅልፏስ? ለምን አልጠየቅሃትም?» ይላል። ተማሪውም በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቃታል። ፈቃድ ካወጣ ዓመታት ያለፉት የግል ቴራፒስት ሥራውን እንዲህ ከጎኑ ሆኖ የሚያይለት ሰው ብዙውን ጊዜ የለውም። የእነዚህ ክሊኒኮች ትልቁ ጥንካሬ ይኼ ነው፤ ከዋጋውም በላይ።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው ተማሪውን ሲመርጥ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የተማሪዎቻቸውን የምርምር ፍላጎትና የሕክምና ፍላጎት ከፎቷቸው ጋር ያወጣሉ። «የስደተኞች የአእምሮ ጤና» የሚል የምርምር ፍላጎት ያየ ሐበሻ «ይኼ ይረዳኛል» ብሎ ይደሰታል። ይሁንና ተማሪው በርዕሱ ላይ መጠይቅ በትኖ መረጃ ሲተነትን የከረመ፣ አንድም ስደተኛ ያላከመ ሊሆን ይችላል። ለታካሚ የሚጠቅመው የሕክምና ፍላጎቱ ነው፤ እሱም የዘዴ ስም ሲጠራ። ኦሲዲ (የማይለቅ ሐሳብና ድግግሞሽ የሚያስገድድ ችግር) ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ጸሎቱ የተሳሳተ እየመሰለው ደጋግሞ ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ «ኤክስፖዠር ኤንድ ሪስፖንስ ፕሪቬንሽን» የሚለውን ይፈልግ፤ ፍርሃቱን ቀስ በቀስ እየተጋፈጡ ድግግሞሹን የመተው ሕክምና ነው። ከጦርነት ወይም ከጥቃት በኋላ ለሚመጣ ፒቲኤስዲ (የሥነ ልቦና ቁስል) «ኮግኒቲቭ ፕሮሰሲንግ ቴራፒ»፣ ስለ ደረሰው ነገር ያለውን አስተሳሰብ የሚመረምር፣ በተለምዶ 12 ክፍለ ጊዜ፣ ወይም «ፕሮሎንግድ ኤክስፖዠር»፣ የሚሸሹትን ትዝታ ቀስ በቀስ የሚያጋፍጥ፣ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ፣ ይኖራል። «ሰውን በሙሉነቱ ማየት እወዳለሁ» የሚል መግለጫ ግን ምንም አይነግርም።

ከተማሪው ይበልጥ የሱፐርቫይዘሩ ሙያ ይወስናል፤ ተማሪው የሚሠራው በእሱ ዘዴ ነውና። ስልክ ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሱፐርቫይዘሩ በምን ላይ ነው የሚሠራው? ለዚህ ችግር የምትጠቀሙት ዘዴ የትኛው ነው? ተማሪው እዚህ እስከ መቼ ይቆያል? የተማሪው ዶክትሬት ፒኤችዲ ነው ወይስ ሳይ-ዲ (የሳይኮሎጂ ሙያ ዶክትሬት) ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የመጀመሪያው በ1949 በቦልደር በተደረገ የሙያው ጉባኤ ላይ በተደረሰው ስምምነት መሠረት ተመራማሪና ሐኪም አጣምሮ ያሠለጥናል፤ ሁለተኛው ከ1973ቱ የቬይል ጉባኤ ወዲህ ለሕክምናው ያደላል። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር እውቅና ያለው ፕሮግራም እስከሆነ ድረስ በሁለቱም ጥሩ ይታከማል። ጥናት ላይ እንዲሳተፉ ከተጠየቁ ፈቃዱ ከሕክምናው ፈቃድ የተለየ ነው፤ እምቢ ማለት መብትዎ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በዋዛ አይታለፍ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊትም የአንድ ዓመት ሙሉ ኢንተርንሺፕ ስላለባቸው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። መጋቢት ላይ የጀመረ ሰው ሚስጥሩን ማውጣት ሲለምድ ክረምቱ ይደርስና ለሌላ ተማሪ ይተላለፋል፤ ከዚያ እንደገና «ከየት ልጀምርልህ» ነው። ለመደወል ምርጡ ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው፤ አዲሶቹ ገብተው ቦታ ይለቀቃል። ከ12 እስከ 20 ሳምንት የሚፈጅ ሕክምና የትምህርት ዓመቱ ውስጥ ያልቃል። ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር መነጋገር ለሚሻ ግን ይህ ቦታ አይሆንም።

መጀመሪያ ላይ ከሚሞሉ ቅጾች አንዱ ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ ነው፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ድብርት በጥልቀት ይመረመራል። እኛ ጋ ድብርት በጨጓራ፣ በራስ ምታት፣ በልብ መታፈን ስለሚነገር፣ ብዙ ሰው «ተስፋ መቁረጥ» በሚለው ላይ 0 ያሰምርና ሰላም ይመስላል። ሰውነትዎ ላይ ያለውን ሁሉ በቃል ይንገሩ። አማርኛ ትርጉሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተፈተሸ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ «ሆስፒታል ያስገቡኛል» ብሎ መደበቅ የተለመደ ነው። «አዎ» ማለት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጥያቄ ነው፦ ዕቅድ አለ ወይ፣ መሣሪያ ወይም መድኃኒት ቅርብ ነው ወይ የሚል። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም ይናገሩ፤ ከቴራፒው ጋር አይጋጭም።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ ግን በፍጹም አያድርጉ፤ እናት በልጇ ፊት ስለ ትዳሯ እውነቱን አትናገርም። ወሬ እንዳይወጣ ከሰጉ በስልክ፣ ከሌላ ስቴት የሆነ አስተርጓሚ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል። ሚስጥር ይጠበቃል፤ የሚጣሰው እንደ ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት ቅርብ አደጋ እና የሕፃናት ጥቃት ባሉ በሕግ በተወሰኑ ሁኔታዎች ነው።

መድኃኒት አይታዘዝም፤ ለፍርድ ቤት ወይም ለጥገኝነት ጉዳይ ደብዳቤ የማይጽፉም ብዙ ናቸው። ሌሊት የሚነሳ ስልክ የላቸውም፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ 988 የተባለው የአእምሮ ጤና ቀውስ የስልክ መስመር አለ።

የልጆች ምርመራ፣ ለኤዲኤችዲም (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሆነ ለትምህርት ችግር፣ በግል በሺዎች ዶላር ያስወጣል፤ እዚህ በጣም ይቀንሳል። ድክመቱ ፍጥነት ነው። ሪፖርቱ በሱፐርቫይዘሩ እየታረመ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ስብሰባ ቀን ቀደም ብለው ያመልክቱ። ዊስክን (የልጆች የማሰብ ችሎታ ፈተና) የመሰሉ ፈተናዎች የሚለኩት ከአሜሪካ ልጆች ጋር በማነጻጸር ነው። ከመጣ ሁለት ዓመቱ የሆነና ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ልጅ የቃላት ክፍሉ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ምክንያቱ ችሎታው ሳይሆን ቋንቋው ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ይህን በግልጽ እንዲጽፍ፣ ቃል የማይጠይቁትንም ክፍሎች ለይቶ እንዲያሳይ፣ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን የት ክፍል እንደሚያስገባው ሲወስን ወረቀቱን እያየ ነው።