ኔትወርክና ደህንነትን በእጅ ለሚማሩ፦ ለዋየርሻርክ፣ ለፓኬት ትሬሰርና ለባንዲት ሰዎች ምስጋናችን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የኔትወርክና የኮምፒውተር ደህንነት ትምህርት በስላይድና በተሸመደደ ጥያቄ እንደማይገባ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚገባው አድራሻ ሲጠፋ፣ መስመር ሲቆረጥ፣ ፓስወርድ በግልጽ ሲነበብ በዓይን ሲታይ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ፣ ሳንቲም ሳይከፍሉ ማየት የተቻለው ሌሎች ደክመው ስለሠሩልን ነው። እናመሰግናቸዋለን፤ አዲስ ጀማሪዎችም መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ተማሪን የሚያሰናክሉትን ነጥቦች አብረን እንጠቁማለን።

ትልቁ ምስጋና ለዋየርሻርክ ነው፤ በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ በየጥቅሉ (በየፓኬቱ) ቀርጾ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ጄራልድ ኮምብስ በ1998 እ.ኤ.አ. «ኢተሪል» በሚል ስም አወጡት፤ በ2006 በንግድ ምልክት ጉዳይ ስሙ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህም ከየአገሩ የተሰባሰቡ አዘጋጆች እያሻሻሉ በነጻ ያድሉታል። መጽሐፍ «ኮምፒውተሩ አድራሻ ይጠይቃል» ይላችኋል፤ ዋየርሻርክ ሲጠይቅ ያሳያችኋል።

ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑት ኤንፒካፕ የሚባለውን አብሮ እንዲጭን ፍቀዱለት፤ ያለ እሱ ከኔትወርክ ካርዳችሁ ምንም መያዝ አይችልም። መጀመሪያ መሠራት ያለበት ልምምድ ዲኤችሲፒ፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚታደልበት ሥርዓት፣ ነው። መቅረጽ አስጀምሩ፤ በኮማንድ መስኮት በአይፒኮንፊግ ትእዛዝ መጀመሪያ «ሪሊስ»፣ ቀጥሎ «ሪኒው» አድርጉ። ኮምፒውተሩ የያዘውን አድራሻ ከመለሰ በኋላ አራት መልእክቶች በተራ ይመጣሉ፦ ዲስከቨር (ፍለጋ)፣ ኦፈር (ስጦታ)፣ ሪኩዌስት (ጥያቄ)፣ አክ (ማረጋገጫ)። ሁለት ብቻ ካያችሁ «ሪሊስ» ሳትሉ በቀጥታ «ሪኒው» ብላችኋል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ የነበረውን አድራሻ አሳደሰ እንጂ አዲስ አልፈለገም። አንድም መልስ ካልመጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ታያላችሁ። ይህ ቁጥር «ሰርቨር ፈልጌ አጣሁ፣ ለራሴ ሰጠሁ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ገመዱ፣ ቪላኑ (በአንድ መሣሪያ ላይ ተለይቶ የተከፈለው ኔትወርክ) ወይም አድራሻ አዳዩ ሰርቨር ላይ ፈልጉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የቆዩ ትምህርቶች ማጣሪያው ላይ «ቡትፒ» ብላችሁ ጻፉ ይላሉ። ከቨርዥን 3.0 ወዲህ የማጣሪያው ስም «ዲኤችሲፒ» ሆኗል።

ሁለተኛው ልምምድ ቴልኔት፣ ማለትም ሌላ ማሽን ውስጥ ከሩቅ ገብቶ መሥሪያ የቆየ ዘዴ፣ ነው፤ ደህንነት የሚባለው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በራሳችሁ ላብ (የመለማመጃ ኔትወርክ) ውስጥ ወደ አንድ ማሽን በቴልኔት ግቡና ከፓኬቶቹ አንዱን በቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ «ፎሎው ቲሲፒ ስትሪም» በሉ። የተጠቃሚው ስም እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ ፓስወርዱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ምክንያቱ እያንዳንዱ የተጫናችሁት ፊደል ለብቻው ሄዶ ሰርቨሩ መልሶ ስለሚያስተጋባው ነው፤ ፓስወርድን ግን አያስተጋባም። ያንኑ መረጃውን በሚያመሰጥረው በኤስኤስኤች ድገሙት። ከመግቢያው ሰላምታ በኋላ ያለው ሁሉ የማይነበብ ነው።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «የጎረቤቴን ኮምፒውተር ለምን አላየሁም?» ይላል። ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ሳጥን) ፓኬትን ለባለቤቱ ወደብ (የገመድ መሰኪያ) ብቻ ስለሚልክ ነው፤ የራሳችሁንና ለሁሉም የተበተነውን ብቻ ታያላችሁ። የሌላውን ለማየት ስዊቹ ላይ የወደብ ግልባጭ፣ ማለትም ስፓን፣ መዋቀር አለበት። ከተለመደው የ1514 ባይት ጣሪያ የበለጠ ግዙፍ ፓኬት ስታዩም አትደንግጡ። ዋየርሻርክ የሚያየው ካርዱ ሳይቆራርጠው በፊት ነው፤ ሽቦው ላይ የሚወጣው ተቆራርጦ ነው።

ፓኬት ትሬሰርን፣ ማለትም ስዊችና ራውተርን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ በነጻ የሚያቀርበው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ይበቃል። ስዊችና ራውተር መግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ ስዊች ነክቶ የማያውቅ ክፍል ያየ ሰው ይረዳዋል። ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጡ ሦስት ነገሮች አሉት፤ ሦስቱም ጥፋት አይደሉም። ገመድ እንደሰካችሁ መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ 30 ሰከንድ ይቆያል፤ ስፓኒንግ ትሪ፣ ማለትም መስመር ዞሮ እንዳይገጥም የሚከላከለው የስዊቹ ሥርዓት፣ 15 ሰከንድ ሲያዳምጥ፣ 15 ሰከንድ ሲማር ነው። ታገሡት፤ ወይም ኮምፒውተር ብቻ በሚሰካበት ወደብ ላይ ይህን መጠበቅ የሚያስቀረውን ፖርትፋስት አብሩ። ሌላ ስዊች በሚሰካበት ወደብ ላይ ግን አታብሩት፤ ዙሪያ ጥምጥም መስመር ቢፈጠር ኔትወርኩ በብሮድካስት (ለሁሉም በሚበተን መልእክት) ሊጥለቀለቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል መልእክት) ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ አርፕ የሚባለው ጠያቂ የባለቤቱን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) እስኪያገኝ ድረስ ስለሆነ ቀጥለው የሚሄዱት ካለፉ ደህና ነው። ሦስተኛ፣ ፋይሉን ሴቭ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ራውተርና ስዊች ላይ ራኒንግ ኮንፊግን (አሁን የሚሠራበትን ቅንብር) ወደ ስታርትአፕ ኮንፊግ (ሲነሳ ወደሚያነበው ቅንብር) ኮፒ አድርጉ፤ ያለዚያ መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ልፋታችሁ የለም።

በፓኬት ትሬሰር ሠርታችሁ እንድታዩት አጥብቀን የምንመክረው ላብ የባዕድ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ነው፤ ቢሮ ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥም ችግር ስለሆነ። አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ የቤት ራውተር ያመጣና በላን ወደቡ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ራውተሩ ለጠየቀው ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ ግማሹ ቢሮ ኢንተርኔት የለም ይላል፣ ግማሹ ይሠራል። ይኸው መንገድ ለክፉ ሰውም ያገለግላል፤ ራሱን ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ በር) አድርጎ ትራፊኩን ሁሉ በእጁ ያሳልፋል። ዋየርሻርክ ላይ ለአንድ ዲስከቨር ከሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ሁለት ኦፈር ካያችሁ፣ ያላዋቀራችሁት ሰርቨር ገብቷል።

መድኃኒቱ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ፣ ማለትም ካልታመነ ወደብ የሚመጣን የአድራሻ ስጦታ ስዊቹ የሚያግድበት ዘዴ፣ ነው። አንድ ስዊች፣ ሁለት ሰርቨር፣ ሦስት ኮምፒውተር አስቀምጡ። ስኑፒንጉን በስዊቹ ላይ በጠቅላላ አብሩ፣ ቀጥሎ ለቪላኑ ለይታችሁ አብሩ፤ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። ካበራችሁት በኋላ ወደቦች ሁሉ የማይታመኑ ስለሚሆኑ እውነተኛው ሰርቨርም ይታገዳል። ወደ እሱ የሚወስደውን ወደብ ብቻ «ትረስት» በሉት። ይህን አድርጋችሁም አድራሻ ካልመጣ ስዊቹ በጥያቄው ላይ የሚለጥፈው «ኦፕሽን 82» ሊሆን ይችላል፤ የሲስኮ ራውተር ሰርቨር ሲሆን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይጥለዋል። በላቡ ውስጥ «ኢንፎርሜሽን ኦፕሽን» የሚለውን በ«ኖ» ማጥፋት ይፈታዋል።

የባንዲት ጉዳይ አጭር ነው። ኦቨርዘዋየር የተባሉት ሰዎች በነጻ የሚያስተናግዱት የሊኑክስ ልምምድ ሲሆን ከ30 በላይ ደረጃዎች አሉት፤ የአንዱን ፓስወርድ ፈልጎ ያገኘ ወደ ቀጣዩ ይገባል። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሞባይል ዳታ አይበላም። መግቢያው በኤስኤስኤች በወደብ ቁጥር 2220 ነው (ይህ ወደብ የገመድ መሰኪያ ሳይሆን ሰርቨሩ የሚጠብቅበት ቁጥር ነው)፤ በተለመደው 22 የሞከረ አይገባም። የመጀመሪያው ስምም ፓስወርዱም «ባንዲት0» ነው። የፋይሉ ስም ሰረዝ ብቻ የሆነበት ደረጃ ላይ «ካት» (ፋይል የሚያነበው ትእዛዝ) ዝም ብሎ ቢቆም ከኪቦርድ ጽሑፍ እየጠበቀ ነው፤ ከሰረዙ በፊት ነጥብና ስላሽ ጨምሩ። ያገኛችሁትን ፓስወርድ ሲስተሙ አያስቀምጥላችሁም፤ ደብተር ላይ ጻፉት።

ቨርቹዋልቦክስም ምስጋና ይገባዋል፤ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ የደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች ያሉበትን ካሊ ሊኑክስን በ2 ጊጋባይት፣ ሆን ተብሎ ተጋላጭ የተደረገውን ሜታስፕሎይታብል 2ን በ512 ሜጋባይት አብሮ ይሸከማል። ባለ 64 ቢት ምርጫ ካልመጣላችሁ ባዮስ (የላፕቶፑ የማስነሻ ቅንብር) ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ቁልፉ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የኔትወርኩ ምርጫ የግድ «ሆስት ኦንሊ» (ከላፕቶፑ ውጭ የማይወጣ) ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ አድራሻው በ192.168.56 ይጀምራል። «ብሪጅድ» ካደረጋችሁት ያ ቀዳዳ የሞላበት ማሽን ለቤቱ ወይም ለካፌው ዋይፋይ ሁሉ ክፍት ነው። በኤንማፕ (ክፍት ወደቦችን በሚፈልግ ፕሮግራም) ስትቃኙት ወደብ 21 ላይ ቪኤስኤፍቲፒዲ 2.3.4 የተባለ የፋይል ማስተላለፊያ ሰርቨር ታገኛላችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የተደረሰበት የኋላ በር ያለበት ቅጂ ነው፤ በፈገግታ ምልክት የሚያልቅ የተጠቃሚ ስም ሲሰጠው ወደብ 6200ን ይከፍታል። በሩ ሲከፈት ዋየርሻርክን አብሩና እዩት። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ስናፕሾት (የማሽኑን የወቅቱ ሁኔታ ቅጂ) ማንሳትም አትርሱ። ከራሳችሁ ላብ ውጭ ግን አንድም ማሽን ያለ ፈቃድ አትንኩ፤ የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀልነት ደንግጓል።

አሜሪካ ሆናችሁ ሴኩሪቲ ፕላስ ለሚባለው የደህንነት ሙያ ፈተና ለምትዘጋጁ፦ በ90 ደቂቃ እስከ 90 ጥያቄ ይመጣል፣ ማለፊያው 750 ነጥብ ነው፤ ከጥያቄዎቹ መካከል ሠርቶ ማሳየትን የሚጠይቁ አሉበት። የተሰረቁ ጥያቄዎችን ለሚሸጡ ከምትከፍሉ እዚህ የተዘረዘሩትን ላቦች ሥሩ።

ሶፍትዌር የማያስተምረው አንድ ነገር ገመድ ነው፤ ለዚህ ምስጋናችን በየኮሌጁና በየቴክኒክና ሙያ ተቋሙ ቅዳሜ ላብ ለሚከፍቱ ባለሙያዎች ነው። ቲ568ቢ የሚባለው የሽቦዎቹ ቀለም ተራ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ ነው። የጥንዶቹን ጠመዝማዛ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍቱ። ርካሹ ባለ መብራት ቴስተር ስምንቱም ይበራል ብሎ ሊያታልላችሁ ይችላል፤ ጥንዶቹ ከተቀያየሩ፣ ለምሳሌ 3ኛና 6ኛው ከአንድ ጥንድ ካልሆኑ፣ መስመሩ ይያያዝና መረጃ እየጣለ ያስቸግራል። ጊጋቢት መሆን የሚገባው መስመር 100 ሜጋቢት ላይ ከቀረ ሰማያዊውን ወይም ቡኒውን ጥንድ ተመልከቱ፤ 100 ሜጋቢት በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ይሠራል፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ በርካሽ ቢያጋጥማችሁም ተዉት። ኃይል በገመድ ለሚሄድላቸው ካሜራዎች አይበቃም፤ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ውለታ ለመመለስ የምትፈልጉ፣ የዋየርሻርክ ፋውንዴሽንም የኦቨርዘዋየር አስተናጋጆችም እርዳታ ይቀበላሉ። ገንዘብ የሌለው በዋየርሻርክ ያገኘውን ስህተት በዝርዝር ያሳውቃቸው። የባንዲትን ፓስወርድ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ ሌላው ተማሪ ራሱ ፈልጎ ያግኘው።