ጥያቄውን ሳይሸሹ መጠየቅ፦ ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ለትምህርት ቤት ሠራተኞች የተሰጠ ሥልጠና ሲገመገም

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሠራተኞች ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደናል። በሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ሥልጠናው ይጠቅም እንደሆነ ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ያተረፍኩትንም የጎደለኝንም ለይቼ ለመጻፍ ወስኛለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። አሠልጣኟ በእነዚህ አኃዞች ላይ ብዙ ሳይቆዩ ወደ መማሪያ ክፍሉ መግባታቸውን ወድጄዋለሁ፤ እኛን የሚያስጨንቀን በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ ነውና።

የሥልጠናው መሠረት በምሕጻር ኪው ፒ አር የሚባለው፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ኩዊኔት እ.ኤ.አ. በ1995 ያዘጋጁት አሠራር ነው። ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ መጠየቅ፣ እርዳታ እንዲቀበል ማግባባት እና ከባለሙያ ጋር ማገናኘት። መምህሩን ሐኪም የማድረግ ዓላማ የለውም፤ የልብ ምቱ ለቆመ ሰው ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ እንደሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን በጥንድ የተደረገው ልምምድ ነው። ከእኔ ጋር የተመደቡት ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ የሚሰማ መምህር ነበሩ። «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሊጠይቁኝ ሲጀምሩ ግን ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ጠፋ፤ «መጥፎ ነገር ታስባለህ እንዴ?» ወደሚል ለወጡት። አሠልጣኟ በትዕግሥት እንደገና አስጀመሯቸው፤ በሦስተኛው ሙከራ ዓይኔን እያዩ ጥያቄውን እንዳለ ጨረሱት፤ ከዚያም መልሴን ሳያቋርጡ ጠበቁ። ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ የሚሰማኝ ሰው እንዳገኘሁ ተሰማኝ። ብዙዎቻችን ጥያቄው ሐሳቡን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ይከታል ብለን እንፈራ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ዮርክ ግዛት ስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2,000 በላይ ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ውጤቱ ታትሞ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ የተጠየቁት ተማሪዎች ካልተጠየቁት የበለጠ አልተረበሹም፤ ይልቁንም የድባቴ ምልክት የነበረባቸው ወይም ከዚህ ቀደም ሙከራ ያደረጉት ቀለል ብሏቸው ታይቷል። ይህ ማስረጃ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ቢነገረን ኖሮ ግማሹ ፍርሃታችን ገና ከጅምሩ ይወገድ ነበር።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን የያዘው ክፍልም በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ራስን እንደ ሸክም መቁጠርን፣ የሚወዱትን ዕቃ ለሌላ ማደልን፣ ከጓደኛ መራቅን አብዛኞቻችን እናውቅ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዝኖ የቆየ ልጅ በድንገት ሲረጋጋ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ማለፍ ተገቢ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ቀርቦ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ምስጢርን በተመለከተም የተሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባም፤ ለማን፣ ለምን እና መቼ እንደሚነገር ለተማሪው አስቀድሞ ይነገረዋል፤ አደጋው ቅርብ መሆኑ ከታወቀም ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻውን አይተውም።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። አንደኛ፣ የተጋበዙት መምህራንና አስተዳዳሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ልጁ ማርፈድ ማብዛቱን ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት የጥበቃ ሠራተኞች፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲያለቅስ የሚያገኙት የጽዳት ሠራተኞች አልተጠሩም። ሁለተኛ፣ አንድ ተማሪ ከሞተ በኋላ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳው ክፍል በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ በጥድፊያ ታለፈ፤ ዜናው በምን ቃል እንደሚነገር፣ የአሟሟቱ ዝርዝር ለምን እንደማይወሳ፣ የቅርብ ጓደኞቹ እንዴት እንደሚጠበቁ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ሦስተኛውና የሚያሳስበኝ፣ ሠራተኛን ማሠልጠን ብቻውን እንደሚበቃ ተደርጎ መቅረቡ ነው። በአሥር የአውሮፓ አገሮች ከ11,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ሴይል የተባለው ጥናት፣ ለመምህራን ብቻ የተሰጠው የኪው ፒ አር ሥልጠና ራስን የማጥፋት ሙከራውን ቁጥር ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለ አእምሮ ጤና እንዲወያዩና ሚና ወስደው እንዲለማመዱ ያደረገው መርሐ ግብር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰው አሳይቷል። ይህንን አለመናገር ትምህርት ቤቶች ሥልጠናውን ወስደው ሥራው እንዳለቀ እንዲያስቡ ያደርጋል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረውም ሥልጠናውን እመክራለሁ፤ ነገር ግን ከመፈራረማችሁ በፊት ሁሉም ሠራተኛ እንዲገባ፣ የልምምዱ ሰዓት እንዲረዝምና ለተማሪዎቹም የሚሆን ክፍል እንዲታከል ጠይቁ። ሲያበቃ ለእያንዳንዳችን የኪስ ካርድ ታድሎን ነበር፤ ሦስቱ ደረጃዎች ተጽፈው ከሥር «ተማሪውን የማገናኘው ከ» የሚል ባዶ መስመር አለው። ያን ዕለት መስመሩን ሊሞላ የቻለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ቤታችን ተቀባይ ባለሙያ አልሰየመም ነበርና። ካርዱን ይዤ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አሁን በመስመሩ ላይ የአማካሪያችን ስም አለ፤ እሳቸው በሌሉ ቀን የሚተካቸው ሰው ስም ደግሞ ከጎኑ በእርሳስ ተጽፏል።